ከድንጋይ ካባ የሚነሳ አቧራ በሰብል፣ በመኖና በዱር እንስሳት ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ መከታተል፦ ለሲሪንቃ፣ ለመርሳና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በሰሜን ወሎ ዞን ሀብሩ ወረዳ፣ በሲሪንቃና በመርሳ እንዲሁም ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው አብዛኛው ሕዝብ ኑሮው የተመሠረተው በእርሻና በከብት እርባታ ላይ ነው። ማሽላና ጤፍ ይዘራል፤ ውኃ በሚገኝበት ቦታ አትክልትና ፍራፍሬ ያለማል፤ የማሽላውን አገዳና የጤፉን ጭድ ለበጋው መኖ ያከማቻል። በአንጻሩ የከተሞች መስፋፋት፣ የመንገድ ሥራና ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመርን የመሰሉ ግንባታዎች ብዙ ድንጋይና ጠጠር ይጠይቃሉ። ድንጋዩ የሚገኘውም ከዚያው ከገበሬው ማሳና ከግጦሽ መሬት አቅራቢያ ካለ ተራራ ነው።

ካባ በተከፈተበት፣ የድንጋይ መፍጫ (ክራሸር) በተተከለበትና ገልባጭ መኪና በሚመላለስበት ቦታ ሁሉ አቧራ ይነሳል። ይሁን እንጂ አቧራ እንደ ጎርፍ ወይም እንደ በረዶ በአንድ ቀን ማሳ አያጠፋም። ጉዳቱ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም በመሆኑ፣ ተጎዳሁ የሚለው አርሶ አደር አቤቱታውን ይዞ ሲቀርብ «ምርቱ የቀነሰው በአቧራው ነው ወይስ በሌላ ምክንያት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀውም አቧራው በዕፅዋትና በእንስሳት ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ እንዴት እንደሚለካ፣ ነዋሪው ራሱ ምን መመዝገብ እንደሚችልና አቤቱታውን የትና በምን የጊዜ ገደብ ማቅረብ እንዳለበት ለማስገንዘብ ነው።

1. አቧራው ከየት ይነሳል?

ከካባ ሥራ የሚነሳ አቧራ ምንጩ አንድ ብቻ አይደለም። ድንጋይ ሲበሳና በፈንጂ ሲፈነዳ፣ ሲፈጭና ሲጣራ፣ ሲጫንና ሲራገፍ ይነሳል። የተከማቸ ደቃቅ ጠጠርም በነፋስ ይበተናል። በብዙ ቦታዎች ግን ከፍተኛው ድርሻ የሚመጣው መኪኖች ከሚመላለሱበት አስፋልት ያልለበሰ መንገድ ነው። ስለሆነም ከካባው ራቅ ያለ፣ ነገር ግን ከመጓጓዣ መንገዱ ዳር ያለ ማሳ ከካባው አጠገብ ካለው ማሳ ይልቅ በአቧራ ሊሸፈን ይችላል።

የአቧራ ብናኞች መጠናቸው ይለያያል። ትላልቆቹ ከምንጩ ብዙም ሳይርቁ በቅጠልና በመሬት ላይ ያርፋሉ። ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ የማይበልጡት ደቃቅ ብናኞች ግን በአየር ላይ ቆይተው ርቀው ይጓዛሉ፤ ከትንፋሽ ጋርም ወደ ሳንባ ይገባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የእነዚህ ደቃቅ ብናኞች የ24 ሰዓት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ45 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። በካባ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎችና በቅርብ የሚኖሩ ቤተሰቦች ሳልና የመተንፈስ ችግር ሲያጋጥማቸው ወደ ጤና ተቋም ሊሄዱና ስለ አቧራው ለሐኪሙ ሊነግሩ ይገባል።

የድንጋዩ ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። የሰሜን ወሎ ተራሮች በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ በፈሰሰ ቅልጥ ዐለት የተፈጠሩ የባዛልት ድንጋዮች ናቸው። የእርሳስ ወይም የዚንክ ማዕድን ከሚወጣበት ቦታ የሚነሳ አቧራ መርዛማ ብረቶችን ሊይዝ ይችላል። ተራ የባዛልት ካባ ሲሆን ግን ዋናው ሥጋት የአቧራው ብዛት እንጂ መርዛማነቱ አይደለም። ይህ ልዩነት ምን መለካት እንዳለበት ይወስናል።

2. በዕፅዋት ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ

ቅጠል ምግቡን የሚያዘጋጀው በፀሐይ ብርሃን ነው። አቧራ የቅጠሉን ገጽ ሲሸፍን ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ስለሚቀንስ ብርሃን አስተጻምሮ ይዳከማል። ከዚህ በተጨማሪ ብናኙ አየር የሚገባባቸውንና እርጥበት የሚወጣባቸውን ጥቃቅን የቅጠል ቀዳዳዎች ይደፍናል ወይም እንዳይከደኑ ያደርጋል። በዚህም ምክንያት ቅጠሉ ይሞቃል፤ ውኃም ሊያባክን ይችላል። በአበባ ወቅት አቧራው በአበባው ላይ ሲያርፍ የአበባ ዱቄቱ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ ንቦችም አቧራ የለበሰ አበባን ሊሸሹ ይችላሉ። እንደ ማንጎ ላሉ፣ በነፍሳት አማካይነት ለሚራቡ ፍራፍሬዎች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሁሉም ተክል እኩል አይጎዳም። ሰፊ፣ ሻካራ ወይም ጸጉራም ቅጠል ያላቸው ብዙ አቧራ ይይዛሉ፤ ለስላሳና ቀጥ ብለው የቆሙ ቅጠሎች በቀላሉ ይጠራሉ። እንደ ማንጎ ያሉ ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸው የማይረግፍ ዛፎች አቧራውን ለወራት ተሸክመው ይቆያሉ።

በአካባቢያችን ወሳኙ ነገር ወቅት ነው። የክረምት ዝናብ ቅጠሉን ያጥባል፤ መንገዱንም ያርሳል። መስከረም ካለፈ በኋላ ግን መሬቱ ይደርቃል፤ እስከ በልግ ዝናብም በቂ ማጠቢያ ላይገኝ ይችላል። ጤፍና ማሽላ የሚሰበሰቡት፣ መኖ የሚከማቸውና በመስኖ የሚለማው አትክልት የሚያድገው በዚሁ ደረቅ ወቅት ነው። በክረምት የተደረገ አንድ ጉብኝት «አቧራ የለም» የሚል ውጤት ቢያሳይ የበጋውን ሁኔታ አይገልጽም።

3. በቤትና በዱር እንስሳት ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ

ከብት አቧራ የለበሰ ሣር፣ አገዳ ወይም ጭድ ሲበላ የድንጋይ ብናኝም አብሮ ይበላል። ጠንካራ ብናኝ ጥርስን ያለጊዜው ይሞርዳል፤ መኖው የማይጥም ከሆነም የሚበሉት መጠን ይቀንሳል። ለእርሻ በሬና ለምታጠባ ላም ይህ ማለት የጉልበትና የወተት መቀነስ ማለት ነው። በኩሬና በምንጭ ላይ የሚያርፍ አቧራ ውኃውን ያደፈርሳል።

በገደላማ ቦታዎች የሚኖሩ የዱር እንስሳት ደግሞ ከአቧራው በተጨማሪ በፍንዳታውና በመኪናው ድምፅ ይታወካሉ፤ የሚሰማሩበትንም ቦታ ይለቃሉ። የሚለቁት ቦታ ከጠበበ ወደ አርሶ አደሩ ሰብል መውረዳቸው አይቀርም። ስለሆነም የዱር እንስሳት ክትትል የሰብል ጥበቃም አካል ነው።

4. ከሌላው ዓለም የተገኘ ትምህርት

የማዕድን አቧራ በዕፅዋትና በዱር እንስሳት ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ በስፋት ከተጠናባቸው ቦታዎች መካከል ቱንድራ በመባል የሚታወቀው የሰሜን ዋልታ አካባቢ አንዱ ነው። ቱንድራ ዛፍ የማይበቅልበት ቀዝቃዛ ምድር ሲሆን፣ መሬቱን የሚሸፍኑት አጫጭርና እጅግ በዝግታ የሚያድጉ ዕፅዋት ናቸው። በአሜሪካ አላስካ ግዛት ሬድ ዶግ የተባለው የዚንክና የእርሳስ ማዕድን ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1989 ሥራ ጀመረ። ምርቱ እስከ ወደብ የሚጓጓዘው 84 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም የጠጠር መንገድ ነው። መንገዱ በከፊል የሚያልፈው በተከለለ የተፈጥሮ ሥፍራ ውስጥ በመሆኑ የአገሪቱ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ከመንገዱ በተለያየ ርቀት ላይ የሚበቅሉ፣ ውኃና ማዕድን በዋናነት ከአየር የሚያገኙ ዕፅዋትን ሰብስቦ አስመረመረ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ውጤት የእርሳስ፣ የዚንክና የካድሚየም መጠን በመንገዱ ዳር ከፍተኛ እንደሆነና ርቀቱ በጨመረ ቁጥር እንደሚቀንስ አሳየ። ይህ የርቀት ልዩነት አቧራው ከመንገዱ የመጣ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ሆነ። በዚያው ወቅት ማዕድኑን የሚያጓጉዙት መኪኖች የብረት ክዳን ባላቸው ተተክተዋል።

በሰሜን ካናዳ የአልማዝ ማውጫዎች አካባቢ የተደረገ ጥናት ደግሞ ካሪቡ የተባሉት የአጋዘን ዝርያዎች ከማውጫዎቹ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን ቦታ እንደሚያስወግዱ አሳይቷል፤ ለዚህም በሚበሉት መኖ ላይ የሚያርፈው አቧራ አንዱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አጥኚዎቹ ጠቁመዋል።

በአገራችን ለቱንድራ የሚቀርበው ውርጭ የሚበዛበት የደጋ ጫፍ ምድር ነው። በሰሜን ወሎ ከላሊበላ በላይ የሚገኘውና ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። ሲሪንቃና መርሳ ከዚያ እጅግ ዝቅ ብለው የሚገኙ ሞቃት ቦታዎች ቢሆኑም፣ ከአላስካው ጥናት የሚወሰደው ትምህርት ለሁሉም ይሠራል፤ ይኸውም ቅርቡን ከሩቁ ጋር ሳያነጻጽሩ አቧራን ተጠያቂ ማድረግም ሆነ ነጻ ማውጣት አይቻልም።

5. ተጽዕኖው እንዴት ይለካል?

በባለሙያ የሚካሄድ ክትትል በአብዛኛው የሚከተሉትን ያካትታል።

የመነሻ መረጃ፦ ካባው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የነበረው የአቧራ መጠን፣ የዕፅዋት ሁኔታና የእንስሳት ዓይነት ይመዘገባል። መነሻ መረጃ ከሌለ ከካባው ርቆ የሚገኝና በሌላ ረገድ ተመሳሳይ የሆነ ቦታ ለማነጻጸሪያነት ይመረጣል።

የወረደ አቧራ መለኪያ፦ አፉ ክፍት የሆነ ዕቃ በእንጨት ወይም በብረት ምሰሶ ላይ ለ30 ቀናት ይቀመጣል። የተጠራቀመው አቧራ ተጣርቶ፣ ደርቆና ተመዝኖ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ስንት ሚሊ ግራም እንደወረደ ይሰላል። ለማስረዳት ያህል፣ የአፉ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ዕቃ ውስጥ በ30 ቀናት 0.6 ግራም አቧራ ቢገኝ፣ ውጤቱ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ወደ 637 ሚሊ ግራም ይሆናል። ይህን ከሌሎች አገሮች መለኪያ ጋር ስናነጻጽር፣ የደቡብ አፍሪካ ደንብ ለመኖሪያ አካባቢ ያስቀመጠው ወሰን 600፣ በጀርመን የሚሠራበት ዓመታዊ ወሰን ደግሞ 350 ሚሊ ግራም ነው።

የቅጠል ምርመራ፦ ከተመሳሳይ ተክል፣ ከተመሳሳይ ቁመትና በተመሳሳይ ቀን የተቆረጡ ቅጠሎች ከካባው በተለያየ ርቀት ላይ ይሰበሰባሉ። ታጥበው የተገኘው አቧራ ይመዘናል፤ ለቅጠሉ ስፋትም ይካፈላል።

የነፋስ አቅጣጫ፦ መለኪያዎች ነፋሱ አቧራውን በሚወስድበትና በማይወስድበት ወገን ጭምር ይቀመጣሉ። አቧራው ከካባው የሚመጣ ከሆነ ልዩነቱ በሁለቱ ወገኖች መካከል ጎልቶ ይታያል።

ምርትን በሚመለከት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የማሽላ ምርት የሚቀንሰው በዝናብ እጥረት፣ በአቀንጭራ፣ በአገዳ ቆርቋሪ ወይም በመሬት መዳከም ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ የወረዳው የግብርና ባለሙያዎች የሰብሉን ሁኔታ በቦታው ተገኝተው በማየት፣ በሲሪንቃ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ በማሽላ፣ በጤፍና በሌሎች ሰብሎች ላይ ባካበተው ልምድ ምክንያቶቹን ለመለየት ሊያግዙ ይችላሉ።

6. ነዋሪው ምን መመዝገብ ይችላል?

የነዋሪው ማስታወሻ የባለሙያን ልኬት አይተካም፤ ሆኖም ልኬት እንዲካሄድ ለመጠየቅ በቂ መነሻ ይሆናል። በዚህም መሠረት፦

– በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ ዝናብ መዝነቡንና አቧራው የተነሳው ከመፍጫው፣ ከፍንዳታ ወይም ከመንገዱ መሆኑን መጻፍ፤ አቧራ ያልነበረባቸውን ቀናትም መመዝገብ፤
– የማሳውን ርቀት ከካባውና ከመንገዱ በሜትር ወይም በእርምጃ ለክቶ መያዝ፤
– አንድ ዓይነት ተክል ከማሳው እና ከካባው ርቆ ከሚገኝ ቦታ መርጦ በየሁለት ሳምንቱ ከተመሳሳይ ሥፍራ ፎቶግራፍ ማንሳት፤
– የቅጠል ናሙና መውሰድ ካስፈለገ ገጹን ሳይነኩ ቆርጦ በንጹሕ የወረቀት ፖስታ ማስቀመጥና ቀኑንና ቦታውን በላዩ ላይ መጻፍ፤
– በየዓመቱ የተገኘውን ምርት፣ የከብቶችን የመኖ አበላልና የእንስሳት ሐኪም የሰጠውን ማስረጃ ማቆየት፤
– በአካባቢው ይታዩ የነበሩ፣ አሁን ግን የጠፉ ወይም ወደ ማሳ መውረድ የጀመሩ የዱር እንስሳትን መመዝገብ።

ይህ ሁሉ ሲከናወን ወደ ካባው ክልል መግባት፣ በፍንዳታ ሰዓት መቅረብ ወይም መንገድ መዝጋት አይገባም፤ ለሕይወት አደገኛ ከመሆኑም በላይ አቤቱታውን ያዳክማል። ጎረቤታሞች በአንድነት ቢመዘግቡ መረጃው የበለጠ ተአማኒ ይሆናል።

7. መብትዎና አቤቱታ የሚቀርብበት ሥርዓት

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህን መብት ለማስከበር ከወጡት ሕጎች መካከል የሚከተሉት በተለይ ለዚህ ጉዳይ ያገለግላሉ።

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002፦ በዚህ አዋጅ መሠረት በአገር ውስጥ ባለሀብቶች ለሚለሙ እንደ ድንጋይና ጠጠር ላሉ የኮንስትራክሽን ማዕድናት ፈቃድ የሚሰጡት ክልሎች ናቸው። ስለሆነም የመጀመሪያው እርምጃ ካባው በማን ስም፣ ለምን ያህል ጊዜና በምን ግዴታ ፈቃድ እንደተሰጠው ከወረዳው ወይም ከዞኑ የማዕድን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፦ አዋጁ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆንና በተለይም በፕሮጀክቱ ሊነካ የሚችለው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት ያዝዛል። ፈቃድ የተሰጠው ፕሮጀክት የገባውን ግዴታ መፈጸሙንም የሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት እንዲከታተል ያደርጋል። ጥናቱ ስለ አቧራ መከላከያ ምን ቃል እንደገባ ማወቅ ለአቤቱታ ጠንካራ መሠረት ይሆናል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፦ በአዋጁ መሠረት የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድመ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ሥራ ቦታ ገብቶ የመመርመርና ናሙና የመውሰድ ሥልጣን አለው። ለነዋሪው ከሁሉ የሚጠቅመው ግን አንቀጽ 11 ነው። ማንኛውም ሰው፣ በግሉ ጉዳት እንደደረሰበት ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልተስማማ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የውሳኔው ጊዜ ካበቃበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ክስ መመሥረት ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሕጉ የሚጠቅሰው የፌዴራሉን ባለሥልጣንና የክልሉን የአካባቢ መሥሪያ ቤት ነው። አቤቱታዎን በቅርብ ለሚገኘው መርሳ ለሚገኘው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ቢያቀርቡም፣ ግልባጩ በወልድያ ለሚገኘው የዞን መምሪያና ለክልሉ መሥሪያ ቤት መድረሱን ያረጋግጡ። ሁለተኛ፣ የ30 እና የ60 ቀናቱ ቆጠራ የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው። አቤቱታው ገቢ የሆነበት ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ያለበትን ቅጂ ሳይዙ አይመለሱ። በቃል የቀረበ አቤቱታ ቀኑን የሚያስረዳ ነገር ስለማይኖረው፣ መብቱ እያለ በጊዜ ማለፍ ምክንያት ሊታጣ ይችላል።

አቤቱታው የአመልካቹን ስምና አድራሻ፣ የካባውን ቦታ፣ ችግሩ የጀመረበትን ጊዜ፣ የተያዘውን መዝገብና ፎቶግራፍ እንዲሁም የሚጠየቀውን መፍትሔ መያዝ አለበት። ከ«ካባው ይዘጋልን» ይልቅ «አቧራው ይለካልን፤ መከላከያውም ይፈጸምልን» የሚል ግልጽ ጥያቄ ፈጥኖ መልስ ለማግኘት ያግዛል።

8. ከባለፈቃዶች የሚጠበቅ

አቧራን መቀነስ አዲስ ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የመጓጓዣ መንገድን በደረቅ ወቅት ውኃ ማርከፍከፍ፣ የጭነት መኪናን በሸራ መሸፈን፣ ፍጥነትን መገደብ፣ መፍጫውንና ማመላለሻ ቀበቶውን መክደን፣ ድንጋይ በሚበሳበት ጊዜ ውኃ መጠቀም እና በካባው ዙሪያ ነፋስ የሚከላከሉ ዛፎችን መትከል የተለመዱ ዘዴዎች ናቸው። ሆኖም ለመንገድ ማርጠቢያ የሚውለው ውኃ የአርሶ አደሩን መስኖና የከብቱን መጠጥ የሚሻማ መሆን የለበትም፤ ምንጩ አስቀድሞ ከማኅበረሰቡ ጋር በስምምነት መወሰን ይኖርበታል።

ድንጋይ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለቤት ሥራ የግድ አስፈላጊ ነው፤ ካባም ለብዙ ወጣቶች የሥራ ዕድል ይፈጥራል። ይህ ማለት ግን የልማቱ ዋጋ በአንድ ጥግ ባለ ማሳ፣ በአንድ ቤተሰብ የማንጎ ዛፍና በሬ ላይ ይውደቅ ማለት አይደለም። በመሆኑም በካባ አቅራቢያ የምትኖሩ ተገልጋዮች መስከረም ጠብቶ መሬቱ ሳይደርቅ መዝገባችሁን እንድትጀምሩ፣ የካባውን የፈቃድ ሁኔታ እንድትጠይቁና አቤቱታችሁን በጽሑፍ፣ ቀን ባለው ማኅተም እንድታስገቡ እናሳስባለን።